ሁለቴ «ኢንቫሊድ» ያለው ናሙና፦ በጅማ የታየ የኤችፒቪ ራስ-ናሙና ጉዳይ ጥናት

ታካሚዋ በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ናት። አራት ወልዳለች፣ ከጅማ ዙሪያ ወረዳዎች በአንዱ ትኖራለች፣ ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ እየወጣች ቅቤ ትሸጣለች። ማንነቷን ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮችን አላስገባንም፤ የጤና ጣቢያውንም ስም እንዲሁ። ኤችአይቪ ተመርምራ ነጻ ናት፣ እርጉዝ አይደለችም፣ ከወር አበባ ውጭ የሚፈስ ደምም ሆነ ከግንኙነት በኋላ መድማት የለባትም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለኋላ ስለሚያስፈልገን ይያዝልን።

ስለ ማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጋግማ ሰምታለች። እስካሁን ያልመጣችው መረጃ አጥታ አይደለም፤ አልጋ ላይ መውጣቱን፣ ስፔኩለም የሚባለውን መክፈቻ፣ መርማሪው ወንድ ሊሆን መቻሉን ስለጠላች ነው። «ናሙናውን ራስሽ ትወስጃለሽ» ሲባል ግን በዚያው ሐሙስ ቅቤዋን ሸጣ እንዳበቃች መጣች። ይህ የእሷ ብቻ ጠባይ አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ ተሠርቶ በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት፣ በራስ-ናሙና ኤችፒቪ፣ ማለትም የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ፣ እንዲመረመሩ ከተጋበዙት ሴቶች 84 በመቶ ያህሉ ሲመጡ፣ የማህፀን በሩን አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን በማየት ለሚደረገው ምርመራ፣ ማለትም ለቪአይኤ፣ ከተጋበዙት የመጡት ግን 50 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል።

የሴቶቹ መምጣት ያን ያህል የሚያከራክር አልሆነም። ክርክሩ ያለው ባለሙያው ላይ ነው። «ሴትየዋ በራሷ እጅ የወሰደችውን ማን ያምነዋል?» የሚለው ጥያቄ በጤና ጣቢያው ስብሰባ ላይም ተነስቷል፤ የዚህች እናት የመጀመሪያ ውጤት ሲመጣ ደግሞ ጠያቂዎቹ ትክክል የነበሩ መሰለ።

አወሳሰዱ እንዲህ ነበር። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያለ ደረቅ ስዋብ፣ ማለትም በጫፉ ናሙና የሚይዝ ቀጭን ዘንግ፣ ተሰጣት። እጇን ታጠበች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። የተነገራት ስዋቡን ጫፉን ሳትነካ ይዛ ወደ ብልቷ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም የመሃል ጣት ግማሽ ያህል፣ እንድታስገባ፣ ቀስ እያለች ከ10 እስከ 30 ሰከንድ እንድታሽከረክር፣ ከዚያም ወደ ቱቦው መልሳ እንድትከድን ነው። የማህፀን በሩን መንካት አያስፈልግም። ይህ ለብዙ ባለሙያዎች ይከብዳል፤ ነገር ግን ቫይረሱን የተሸከሙ ሴሎች ከማህፀን በር እየተላጡ ወደ ብልት ግድግዳ ስለሚወርዱ፣ ጥሩ ዘረመል የማባዛት አቅም ያለው ምርመራ ከዚያ ያገኛቸዋል። በአንጻሩ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ፓፕ ስሚር በራስ-ናሙና አይሠራም፣ ምክንያቱም የሚፈልገው ቅርጹ ሳይበላሽ የሚታይ የማህፀን በር ሴል ነው፤ ብልት ውስጥ የሚገኘው ደግሞ እንዲያ ያለ ሴል አይበቃም።

ደረቅ ስዋብ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የሴል ማቆያው ፈሳሽ፣ ፕሪዘርቭሳይት የሚባለው፣ ሜታኖል ስላለው መርዛማና ተቀጣጣይ ነው። ሕፃናት ባሉበት ቤት ክፍት ብልቃጥ ይዞ መግባትም ሆነ ባጃጅ ውስጥ መድፋት ማንም የማይፈልገው ነገር ነው። ስለዚህ ስዋቡ ደርቆ ይመጣል፣ ፈሳሽ ውስጥ የሚገባው ላቦራቶሪ ሲደርስ ነው።

ላቦራቶሪው የሚጠቀመው ጂን ኤክስፐርት ነው፣ ያው ለቲቢ የሚሠራው ማሽን። ባለ አራት ሞጁል (የመመርመሪያ ክፍል) ስለሆነ በአንድ ጊዜ አራት ካርትሪጅ፣ ማለትም ናሙናው የሚገባበት ትንሽ ዕቃ፣ ይይዛል፤ የኤችፒቪው ካርትሪጅ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የቲቢ ናሙና ቅድሚያ ስለሚሰጠው ኤችፒቪው ወረፋ ይጠብቃል። መጠበቁ ራሱ ናሙናውን አይጎዳም፤ በፕሪዘርቭሳይት ውስጥ ያለ ናሙና ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ የጅማ ክፍል ሙቀት ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ አይወጣም።

የመጀመሪያው ውጤት «ኢንቫሊድ» ሆኖ መጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሊበላሽ ይችል ነበር፣ አንዱ ሊበላሽ ጥቂት ቀርቶት ነበር። መዝገቡ ላይ «ፖዘቲቭ» እና «ነጋቲቭ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ ናቸው ያሉት። ኢንቫሊድ የሚጻፍበት ቦታ የለም። መዝጋቢው ባዶ ትቶት ነበር፤ ባዶ ቦታ ደግሞ በወር መጨረሻ ሪፖርት ሲጠናቀር «ፖዘቲቭ አይደለም» ተብሎ ይነበባል። ነርሷ ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር ስታመሳክር ባታገኘው ኖሮ ይህች ሴት «ነጻ ነሽ» ተብላ ለአምስት ዓመት ትሸኝ ነበር። ስለ ራስ-ናሙና ትክክለኛነት ሲወራ ይህን የመሰለ ስህተት በየትኛውም የጥናት ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም፤ ግን ከማንኛውም የስዋብ ስህተት የባሰ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማሽኑ ያወጣው ቃል ነው። «ኤረር»፣ «ኖ ሪዘልት» እና «ኢንቫሊድ» በአንድ ላይ «አልሠራም» ተብለው ይጠራሉ፤ ትርጉማቸው ግን ለየቅል ነው። መብራት ሄዶ ምርመራው መሃል ላይ ከተቋረጠ የሚወጣው «ኖ ሪዘልት» ነው። «ኤረር» የካርትሪጁን ወይም የማሽኑን ችግር ይጠቁማል። «ኢንቫሊድ» የሚለው ግን ቫይረስ አልተገኘም፣ ከዚያም በላይ ናሙናው ውስጥ መገኘት የነበረበት የሰው ዘረመል በበቂ አልተነበበም ማለት ነው። ካርትሪጁ ኤችኤምቢኤስ የሚባለውን የሰው ጂን እንደ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል፤ እሱ ከሌለ «ቫይረስ የለም» ማለት አይቻልም። ቫይረሱ ከተገኘ በአንጻሩ መቆጣጠሪያው ባይነበብም ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆኖ ይጸናል።

በብልቃጡ ከቀረው ፈሳሽ በአዲስ ካርትሪጅ ተደገመ። አሁንም ኢንቫሊድ። በዚህ የመብራትም፣ የካርትሪጅም፣ የሞጁልም ጥያቄ ተዘጋ፤ ችግሩ ያለው ናሙናው ውስጥ ነው። ከዚያ የብዙዎቹ መደምደሚያ ወዲያው መጣ፦ በደንብ አላስገባችውም።

መደምደሚያው አሳማኝ ቢመስልም ከመቆጣጠሪያው አሠራር ጋር አይሄድም። ኤችኤምቢኤስ በማንኛውም የሰው ሴል ውስጥ አለ። ስዋቡ የብልት አፍ ላይ ብቻ ተዟዙሮ ቢወጣ እንኳ፣ ጉንጭ ውስጥ ቢታሽም እንኳ፣ መቆጣጠሪያው አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ማሽኑ የሚያውቀው ሴል መኖሩን ነው፤ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ስለዚህ በደንብ ያልገባ ስዋብ የሚያስፈራው ኢንቫሊድ ስለሚያመጣ አይደለም። የሚያስፈራው ጤናማ የሚመስል፣ ማንም የማይጠራጠረው ነጋቲቭ ሊያመጣ ስለሚችል ነው። ኢንቫሊድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ምርመራውን የሚያፍን ነገር ናሙናው ውስጥ ገብቷል ወይ? ብዙ ደም፣ የብልት ክሬም፣ ወፍራም ቅባት።

ነርሷ በሚቀጥለው ሐሙስ ስታገኛት የጠየቀችው ይህንኑ ነው።

«እህቴ፣ ያን ሰሞን ከታች የምትቀቢው ወይም የምታስገቢው መድኃኒት ነበረሽ?»

«አዎ ሲስተር፣ ሲያሳክከኝ ከፋርማሲ ክሬም ገዝቼ ነበር። ማታ ማታ ነው የማደርገው። እናንተ ጋ የመጣሁ ዕለትም አድሬበት ነው የመጣሁት።»

የተሰጣት መመሪያ ስለ ወር አበባና ስለ እርግዝና ይጠይቃል፤ ስለ ክሬም አንድም ቃል የለበትም። ክሬሙ ለመሆኑ በላቦራቶሪ ማረጋገጫ የለንም፤ ከታወቁት አፋኞች ውስጥ ግን የተገኘው እሱ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሆነውም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ደግማም ስታሳይ አያያዟ እንከን የለውም፤ እንዲያውም ከተባለው በላይ በጥንቃቄ ነበር ያሽከረከረችው።

ማሳከኩ በራሱ ታየና ታከመ። ክሬሙን ካቆመች ከሳምንት በላይ ካለፈ በኋላ (ቢያንስ ሁለት ቀን ሳይቀቡ መቆየት ያስፈልጋል፣ እዚህ የተጠበቀው ሕክምናዋ እስኪያልቅ ነው) ሁለተኛውን ስዋብ ወሰደች።

በዚህኛው ላይ ላቦራቶሪው ሌላ ነገርም አስተካከለ፣ ስለ ትክክለኛነት ለሚጠይቅ ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ስዋቡ የታጠበው በሙሉ 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ነው፣ ብልቃጡ ለሐኪም ብሩሽ የተዘጋጀው እንደዚያ ስለሆነ። ካርትሪጁ ውስጥ የሚገባው ግን 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከስዋቡ የወጣው ሴል 20 ቦታ ተከፍሎ አንዱ እጅ ብቻ ይመረመራል ማለት ነው። በ5 ሚሊ ሊትር ቢታጠብ ግን አምስተኛው እጅ ይገባል፣ አራት እጥፍ። ማሽኑ የሚሠራበት ዘረመል የማባዛት ዘዴ፣ ፒሲአር፣ በየዙሩ ዘረመሉን በግምት እጥፍ ስለሚያደርገው አራት እጥፍ ልዩነት ሁለት ዙር ነው። ማሽኑ ኤችፒቪ 16 እና 18/45 ለሚባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች እስከ 40ኛው ዙር ይጠብቃል፣ ለቀሩት ዓይነቶች ግን 38ኛው ላይ ያቆማል። እንግዲህ በ5 ሚሊ ሊትር 37ኛው ዙር ላይ የሚነበብ ናሙና በ20 ሚሊ ሊትር 39ኛው ላይ ይወድቅና «ነጋቲቭ» ይባላል። ሴትየዋ ያው፣ ስዋቡ ያው፣ ቫይረሱ ያው፤ የተለወጠው የፈሳሹ መጠን ብቻ። እርግጥ እንዲህ ዘግይቶ የሚነበብ ጥቂት ቫይረስ ብዙ ጊዜ ከከባድ ቅድመ ካንሰር ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ቢሆንም የማጠቢያው መጠን በየቀኑ እየተለዋወጠ ውጤትን ማነጻጸር አይቻልም። ለሚጠቀሙበት ስዋብና ካርትሪጅ በጥናት የተፈተሸውን መጠን መርጦ በጽሑፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

ከማጠቡ ቀጥሎ የሚረሳው ማደባለቁ ነው። ሴል ወደ ታች ይዘቅጣል። ብልቃጡ ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ከላይ 1 ሚሊ ሊትር መቅዳት ፈሳሹን ያለ ሴሉ መመርመር ነው። ከመቅዳት በፊት ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ መገልበጥ ይበቃል፤ አረፋ እስኪያወጣ መናጥ ግን ፈሳሽ መቅጃው ፒፔት አየር እንዲቀዳና መጠኑ እንዲጎድል ያደርጋል።

ሌላው ስም ነው። የሐሙስ ገበያ ቀን ብዙ ሴት በአንድ ሰዓት ይመጣል፣ ተመሳሳይ ስምም ብዙ ነው። ስም ቱቦው አካል ላይ ይጻፋል እንጂ ክዳኑ ላይ አይጻፍም፣ ክዳን ይለዋወጣል። ከስም ሌላ ቢያንስ አንድ መለያ ቁጥር፤ ሴትየዋ ከመጋረጃው ጀርባ ከመግባቷ በፊት ተጽፎ ያለቀ።

ሁለተኛው ውጤት፦ ኤችፒቪ 16 ነጋቲቭ፣ 18/45 ነጋቲቭ፣ «ሌላ ከፍተኛ አደጋ ያለው ኤችፒቪ» ፖዘቲቭ። የወረቀቱ ማጠቃለያ እዚህ ያበቃል፤ ላቦራቶሪው የማሽኑን ዝርዝር ሲከፍት ግን የተነበበው ቻነል 31፣ 33፣ 35፣ 52 እና 58 የሚባሉት ዓይነቶች በአንድ የሚታዩበት እንደሆነ ተገኘ። «ሌላ» የሚለው ቃል ቀለል ያለ ነገር ያስመስላል። ከነዚህ ውስጥ 35 በአፍሪካውያን ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ላይ ከሌላው ዓለም ይልቅ ጎልቶ የሚገኝ ዓይነት ነው፣ ቻነሉ በጥቅሉም ከ39፣ 56፣ 66 እና 68 ቻነል በአደጋ ደረጃው ከፍ ይላል። ለነርሷ ይህ መነገሩ ቀጠሮውን ለማፋጠን ረድቷል።

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ ቀረበ፦ ከማከማችን በፊት በሐኪም እጅ ናሙና ወስደን ፖዘቲቭነቱን እናረጋግጥ። አልተደረገም፣ መደረግም አልነበረበትም። በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመው 56 የትክክለኛነት ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ምርመራው ፒሲአር ከሆነ የራስ-ናሙና ከባድ ቅድመ ካንሰርን የማግኘት አቅሙ ከሐኪም ናሙና ጋር ሲነጻጸር 0.99፣ ጤነኛዋን ጤነኛ የማለት አቅሙ 0.98 ሆኖ አግኝቷል። በተግባር እኩል ናቸው። ዘረመሉን ሳያባዙ ምልክቱን ብቻ የሚያጎሉ ምርመራዎች ላይ ግን የማግኘት አቅሙ ወደ 0.85 ይወርዳል፤ የሐኪም ናሙና 100 የሚያገኝበት ቦታ የራስ-ናሙና 85 ያገኛል ማለት ነው። ስለዚህ «የራስ-ናሙና ትክክል ነው ወይ?» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ሌላ ጥያቄ ነው፣ በየትኛው ምርመራ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መመሪያው ኤችፒቪ ዲኤንኤን የመጀመሪያ ምርጫ ሲያደርግ በሴትየዋ የተወሰደውንም ናሙና የተቀበለው ይህን መሰል ማስረጃ ይዞ ነው። ተደጋጋሚ ማረጋገጫ አንድ ካርትሪጅ ያባክናል፣ የሸሸችውን አልጋ ለናሙና ብቻ ያስወጣታል፣ ቀጠሮ ያራዝማል፤ ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ደግሞ የሚቀር ሰው አለ።

አልጋው ግን አልቀረላትም፤ ከፖዘቲቭ በኋላ የማህፀን በሩ መታየት አለበት። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ልትሰማው ይገባ ነበር። «በራስሽ ትወስጃለሽ» ብሎ አስመጥቶ ኋላ «አሁን ውጪና ተኚ» ማለት እምነት ያጠፋል። ውጤቱ ሲነገራትም የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ካንሰር አልነበረም፤ ባሏ ይዞባት እንደሆነ ነው የጠየቀችው። «ቫይረስ ተገኘብሽ» ሲባል የብዙዎች ልብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ኤችአይቪ ነው። የተነገራት፦ ይህ ሌላ ቫይረስ ነው፣ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር ተያይዞ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፣ ዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ማን ከማን አመጣው ማለት አይቻልም፣ ካንሰር አለብሽ ማለትም አይደለም። ይህ ንግግር ፊት ለፊት ነው የተደረገው። በመዝገብ ላይ ያለው ስልክ የባሏ ስለነበር በስልክ አልተነገረም።

ቪአይኤው በሴት ነርስ ተሠራ። አሴቲክ አሲዱ ተደርጎ አንድ ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ በመጋጠሚያው መስመር (የማህፀን በር የውጭና የውስጥ ሽፋን በሚገናኙበት) ዳር፣ ከላይ በኩል፣ ጠርዙ የጠራ ነጭ ቦታ ታየ። መጋጠሚያው በሙሉ ይታያል፣ ነጩ ወደ ውስጠኛው ቦይ አልገባም፣ ከማህፀን በሩ ገጽታ ሦስት አራተኛ በታች ነው፣ ካንሰር የሚያስጠረጥር ቁስል ወይም የሚደማ እብጠት የለም። አራቱም ስለተሟሉ በዚያው ቀን በተርማል አብሌሽን፣ ማለትም የታመመውን ቦታ በሙቀት በማቃጠል፣ ታከመች፤ መሣሪያው ቢያንስ 100 ዲግሪ ሞቆ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይያዛል። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል የሚኬደው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በሪፈር ነበር።

ነጩ ቦታ መታየቱ የራስ-ናሙናው «ትክክል እንደነበር» አያረጋግጥም። መቆጣትና ጉዳት የሌለው የሴል ለውጥም ነጭ ይሆናሉ። ያንን የሚለየው ባዮፕሲ፣ ማለትም ከቦታው ትንሽ ሥጋ ቆርጦ መመርመር፣ ነው፣ በአንድ ቀን መርምሮ ማከም በሚለው አሠራር ደግሞ ባዮፕሲ አይወሰድም። የምርመራን ትክክለኛነት ለመለካት ከአንዲት ሴት ሁለቱንም ናሙና ወስዶ፣ ባዮፕሲም ጨምሮ፣ በብዙ ሴቶች መሥራት ያስፈልጋል፤ ያ የጥናት ሥራ ነው። የአንዲት ሴት ጉዳይ የሚያሳየው ናሙናው ከመጋረጃው እስከ መዝገቡ በሚሄድበት መንገድ ላይ የት የት እንደሚያፈስ ነው።

መጀመሪያ ይያዝልን ወዳልነው ነጥብ እንምጣ። ይህች እናት ከግንኙነት በኋላ የምትደማ ቢሆን ኖሮ ስዋብ ሊሰጣት አይገባም ነበር። የራስ-ናሙና ምልክት ለሌላት ሴት ነው። ገፍቶ የወጣ ካንሰር ደምና የሞተ ሥጋ ስለሚበዛበት ፒሲአሩን ሊያፍነው ይችላል፣ ነጋቲቭም ሆነ ኢንቫሊድ ሊያመጣ ይችላል፤ ነጋቲቩን ይዛ ቤቷ የምትገባ የታመመች ሴት ደግሞ ከማንም በላይ ተጎጂ ናት። ለዚህ የሚሆነው ጥያቄ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ በቀጥታ ወደ ምርመራ አልጋ።

አሁን በጤና ጣቢያው የመጠየቂያ ቅጽ ላይ ሁለት መስመር ተጨምሯል፦ ያልተለመደ መድማት፣ ባለፉት ሁለት ቀናት የተቀባ ወይም የገባ መድኃኒት። መመሪያው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ተለጥፏል፣ ከሥዕል ጋር። መዝገቡ ላይ «ይደገም» የሚል ሦስተኛ ዓምድ በእስክሪብቶ ተሰምሯል።

ለታካሚዋ የተነገራት፦ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ መሳይ ፈሳሽ ይኖራል፣ ለ4 ሳምንት ከግንኙነት መታቀብ፣ ካልሆነ ኮንዶም፤ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ወይም ብዙ ደም ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መምጣት። ቀጣዩ የኤችፒቪ ምርመራ በ12 ወር ነው፣ ናሙናውንም ራሷ መውሰድ ትችላለች። ቪአይኤዋ ነጋቲቭ ሆኖ ሳትታከም ብትሸኝ ኖሮ ቀጠሮው 24 ወር ይሆን ነበር። ካርዷ ላይ ቀኑ የተጻፈው ሐሙስ ላይ እንዲውል ተደርጎ ነው።